የወንድሜ ስም የበራ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኬን ተቀብላ ስትነካካ ቆየችና፣ "እማዬ፣ ኦንላይን ስትሆኚ ለሰው ሁሉ ይታያል እኮ፤ ላጥፋልሽ?" አለችኝ።

"ለምን ይጠፋል?"

"ሰው ይከታተልሻላ! ቶሎ ካልመለስሽ ደግሞ ይቀየሙሻል።"

እውነቷን ነው፤ የዛሬ ልጆች መኖራቸው ባይታወቅባቸው ይመርጣሉ። እኔ ግን "ተይው፣ ይታይ" ብዬ ስልኬን ተቀበልኳት። ምክንያቴን ብነግራት ወሬው ይረዝማል ብዬ ለራሴ ያዝኩት።

ነገሩ የሆነው ሆሳዕና ለመምህርነት ስማር ነው። አባታችን ካረፈ ቆይቷል፤ እናቴ ጃጁራ ገበያ ቅቤ ትነግዳለች። ታላቅ ወንድሜ ኑረዲን፣ እንደ ብዙዎቹ ያካባቢያችን ወጣቶች፣ በሞያሌ በኩል ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ነበር። እዚያ አንድ የድሆች ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ስልክ ውድ ስለነበር የምንገናኘው በየአገሩ የተበተኑ ያገራችን ልጆች በከፈቱት ድረ ገጽ ላይ ነው። የሠርግ ፎቶ፣ የሐዘን መልእክትና ማለቂያ የሌለው ክርክር የሞላበት ገጽ ነበር። በጎኑ "አሁን ያሉ አባላት" የሚል ሳጥን አለ። ሰው ሲገባ ስሙ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል፣ ሲወጣ ይጠፋል።

እሁድ እሁድ ከሰዓት መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት እገባና መጀመሪያ የማየው ያንን ሳጥን ነበር። ኑረዲን ወሬ አይችልበትም። በሀዲይኛ "ደህና ነሽ? እማ ደህና ናት? በርቺ" ካለ በቃ፣ ጨርሷል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ በሚከብድበት ሰሞን፣ በደቡብ አፍሪካ የውጭ ሰዎች ሱቅ እየተዘረፈና እየተቃጠለ ነው የሚል ወሬ በሬዲዮ ሰማን። ከተማው ተረበሸ። ልጁን ወይም ወንድሙን እዚያ ያልላከ ቤት ጥቂት ነበር። ኑረዲን ጋ ስደውል አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ትልና ስልኩ ይዘጋል።

በማግስቱ እናቴ በአይሱዙ ተጭና ከጃጁራ መጣች። እግሯ በጭቃ ተለውሷል፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛለች። እሷ ግን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

"በኢንተርኔት እንፈልገዋለን እማ" አልኳት።

"ይታያል?"

"እሱ አይታይም። ካለ ስሙ ይታያል።"

"ስሙንማ እኔው አይደለሁ ያወጣሁለት?" አለች። "ስሙን ብቻ ምን ላድርገው?"

ኢንተርኔት ቤቱ ጢም ብሏል። ባለቤቱ ታምራት ለእናቴ ወንበር ፈልጎ ከጎኔ አስቀመጣት። ገጹ እየተንቀራፈፈ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነበር የሚከፈተው። ሳጥኑ ውስጥ የካናዳም የሱዳንም ሰው ስም አለ፤ የኑረዲን የለም። እስኪዘጋ ጠብቀን ተመለስን። በማግስቱም ሄድን።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሰው ሲነጋገር እንኳ በማይሰማማበት ሰዓት፣ ገጹን እንደገና ከፈትኩት። ስሙ በርቷል።

"እማ! አለ!"

"አለ?" ብላ ክንዴን ጨመቀችው።

በሀዲይኛ ሰላምታ ጻፍኩለት። መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ። ስሙ አረንጓዴ እንደሆነ ዝም አለ። እናቴ ዓይኗን ከእኔ ፊት ላይ አላነሳችም። በመጨረሻ አንዲት መልስ መጣች፤ በአማርኛ ናት፤ "ማን ልበል?"

ወንድሜ በሕይወቱ በአማርኛ ጽፎልኝ አያውቅም። ስሙ በርቶ ከስሙ ጀርባ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሱቁን የዘረፉት፣ ንብረቱን የወሰዱት ሰዎች ታሰቡኝ። ለእናቴ ምንም ሳልላት፣ "የዚህ ስም ባለቤት የት ነው?" ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ።

"ተኝቷል" የሚል መጣ። "መስጊድ ተጠልለን ነው ያለነው። የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ተራ ደርሶት ገጹን እንደከፈተ እንቅልፍ ጣለው። እኔ የዱራሜ ልጅ፣ ከምባታ ነኝ፤ ሀዲይኛው አልገባኝም። ልቀስቅሰው?"

"ቀስቅሰው!" ብዬ እየጻፍኩ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞረ።

ቀጥሎ በሀዲይኛ "እኔ ነኝ፣ አለሁ" የሚል መጣ። ፈራሁ፤ ማመን አቃተኝ። ልጆች ሳለን ከአዲሎ ገበያ ስንመለስ ዝናብ ይዞን ነበርና፣ "ያኔ የት ተጠለልን?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ወፍጮ ቤት" አለ። "ዱቄት በዱቄት ሆነሽ እማ እንኳ አላወቀችሽም። አሁን የወፍጮ ወሬ የምናወራበት ጊዜ ነው? እማ ደህና ናት?"

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ። እናቴ ደነገጠች። "ምን አለ?"

"ደህና ነሽ ወይ እያለሽ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ቀና አለችና፣ "በልቷል?" አለች። ጠይቄው፣ ዳቦና ሻይ እንደሰጧቸው፣ ሱቁ ግን እንደተቃጠለ ነገርኳት።

"ሱቅ ይቃጠል!" አለች። "ሱቅ ወልጄአለሁ እንዴ?"

ከመሰነባበታችን በፊት የዱራሜው ልጅ ለእናቱ እንድንደውልለት ለመነን። ታምራት በራሱ ስልክ ደወለ። የሴትዮዋ እልልታ ከስልኩ አልፎ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። እናቴ የዚያን ጊዜ ቆጮዋን ፈታች። ታምራት ከጎረቤት ሻይ ቤት ጎመን አስመጣ። እሷም አብረውን ለተቀመጡት፣ ወሬ ለሚጠብቁት ሁሉ እየቆረሰች ሰጠችና በመጨረሻ ራሷ በላች። ርቧት እንደዚያ ስትበላ አይቻት አላውቅም።

ኑረዲን ከዓመታት በኋላ ጠቅልሎ መጣ። አሁን አዲሎ መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ይጠግናል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ መጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ መንገዱን ያያል፣ ሻዩን ይጠጣል። ጎረቤቶቼ "ወንድምሽ ምነው አይጫወት?" ይሉኛል። እኔ መጫወቱን ጠብቄ አላውቅም። ሰው መኖሩ ብቻ ምን ያህል ትልቅ ወሬ እንደሆነ ያን ሰሞን ተምሬአለሁ። ሲመሽ ጃኬቱን ያነሳና "በሉ እንግዲህ" ይላል። እስከ አስፋልቱ እሸኘዋለሁ፤ ሁለታችንም ዝም ብለን፣ ደስ ብሎን።