ሰው የማይኖርበት ቤት

ግንበኛዋ ያጠበችውን ልብስ የምታሰጣው በተኩስ ቀዳዳው በኩል ነው። የቤቷ የኋላ ግድግዳ የመንደሩ ዙሪያ ግንብ ራሱ ነው፤ የጥንት ሰዎች ጠመንጃ ባወጡበት ቀዳዳ እሷ አንሶላ ታወጣለች። ሌላ ማስጫ አጥታ አይደለም። ጎብኚ እየመራ ተራራውን የሚወጣው አስጎብኚ በየቀኑ «እዚህ ሰው መኖር ካቆመ ቆይቷል» ስለሚል ነው። አስጎብኚው ደግሞ የገዛ እህቷ ልጅ ነው።

«አክስቴ፣ እባክሽ ያንን አንሶላ አስገቢው። ፎቶ እያበላሸ ነው» ይላታል።

«እኔ መኖሬ ፎቶ ካበላሸ፣ ይበላሽ።»

በዚህ መንደር እያንዳንዱ ቤት ከጀርባው ያለውን የግንብ ክፍል ራሱ ይጠግናል። ባሏ በሕይወት ሳለ እሱ ይክብ፣ እሷ ድንጋይ ታቀብል ነበር። ሲሞት ጎረቤቶቿ «ሰው ቅጠሪ» አሏት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሥራው ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ የለው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ይገጥማል፣ ክፍተቱ በትንንሽ የድንጋይ ሽብልቅ ይወጠራል። በመጀመሪያው ዓመት ጣቷን ቀጠቀጠች፣ በሁለተኛው የካበችው ተናደባት፣ በሦስተኛው ቆመ። የምትክበው የተናደውን ድንጋይ መልሳ ስለሆነ፣ አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ ዓይን የለም። እሷም ለይቶ እንዲያመሰግናት የጠየቀችው ሰው አልነበረም፣ እስከዚያ ሰኞ ድረስ።

ሰኞ ዕለት ከቅርስ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ቅጽ ይዞ መጣ። ቅጹ ላይ ቤቷ «ሰው የማይኖርበት» ተብሎ ተሞልቷል። ማን እንደሞላው መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የእህቷ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ቅጹ ማኅተም ከተመታበት ቤቱ ይታሸጋል፣ እሷም ጓዟን ጠቅልላ ከተራራው ትወርዳለች።

ባለሙያው የግንቡን ጀርባ በመዳፉ ዳበሰ።

«ይኸው፣ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ አንዲት ድንጋይ አልተነቃነቀችም። ዛሬ እንዲህ የሚክብ እጅ ከየት ይመጣል? የምናሽገውም ሰው እንዳይነካካው ብለን ነው።»

«ካቻምና ነው የካብኩት» አለች።

ባለሙያው በትሕትና ሳቀ። «ቀልደኛ ነዎት፣ እማማ።»

ደሟ ፈላ። መዶሻዋን አምጥታ ተንበረከከች። አንዷን ሽብልቅ ከጎን መታ መታ አድርጋ መዘዘች፣ ቀጥላ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች አወጣች። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ጫማ ሶል ጎትታ አመጣች።

«ድንጋዩ ሲወላወልብኝ በዚህ ነው ያስደገፍኩት። የአምስት መቶ ዓመቶቹ ሰዎች ፕላስቲክ ጫማ ነበራቸው?»

የእህቷ ልጅ ሶሉን ተቀብሎ ገለበጠው።

«የኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ ቤት አውልቄ ነው የጠፋብኝ። ግንቡን ስትክብ አግዘኝ ብላኝ፣ ጥያት ሄድኩ።»

ባለሙያው ፊቱ ቀልቶ ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው ሊመልስ ሞከረ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ግንበኛዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ አየችው። ትንሽም አላዘነችለትም።

«እባክዎ ይመልሱልን» አለ በመጨረሻ።

«መጀመሪያ ቅጹ ላይ ያለውን ያንን ቃል ሰርዝ፣ ልጄ።»

ሰረዘ። ሁለቱን ድንጋዮች ገጠመች። ሽብልቋን ግን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

«ይቺኛዋስ?»

«ይቺማ እዚህ እንደምኖር የሚመሰክር ማኅተም ያለበት ወረቀት ስታመጣልኝ ትገባለች።»

በማግስቱ ጠዋት ከቀዳዳው ሁለት አንሶላ ወጣ። ከታች አንዲት ጎብኚ ካሜራዋን እንደያዘች «ያ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አክስቴ ልብስ አጥባ ነው» አለ የእህቷ ልጅ። «እዚያ ነው የምትኖረው።»