በገበያ ቀን መጽሐፍ ማንበብ

ያን የገበያ ቀን ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ እያለቀስኩ ሳለ ኦቦ ጉዮ ገቡ።

ክፉ ነገር አልገጠመኝም... መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ነጌሌ ላይ ሱቅ፣ ልጆችና አማት ላላት ሴት የማንበቢያ ሰዓት አንድ ብቻ ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሙቀቱ ገበያውን ጭር ሲያደርገው። ያኔ መጽሐፌን ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ አወጣዋለሁ። አንድ ልብ ወለድ ለመጨረስ ወራት ይፈጅብኛል።

ይሄኛው ደግሞ የራሴ አይደለም። የጦር ካምፑ አጠገብ የምትኖረው ወዳጄ፣ የመቶ አለቃው ሚስት ናት ያዋሰችኝ። ባሏ ዝውውር ደርሶት ዕቃ እያሰሩ ስለነበር «ሳልሄድ ጨርሺልኝ» ብላኛለች። የቀሩኝ ጥቂት ገጾች ናቸው። ሳልጨርሰው ብትወስደው መጽሐፉ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ መጨረሻ ሳላውቅ ልቀር ነው።

ኦቦ ጉዮ ከብት አርቢ ናቸው፣ የሊበን ገጠር ሰው። ገበያ ሲወጡ ስኳርና ሻይ ቅጠል ከእኔ ይገዙና መኪናው እስኪነሳ በረንዳዬ ላይ ያርፋሉ።

«ናጋ?» አሉ፣ ሰላም ነው? እንደማለት።

«ናጋ።»

«ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ?»

«ናጋ ነው» አልኩ። ከብት የለኝም... ግን እሱን ማስረዳት ከጀመርኩ የአስር ሶላት ይደርሳል።

ቀጥለው «ኦዱ?» አሉ። ወሬ ምን አለ ማለታቸው ነው። እዚህ አገር ወሬ የተጠየቀ ሰው ያለውን ሁሉ ያወጣል። «ምንም የለም» የሚል ወይ ተቀይሟል ወይ የሚደብቀው አለ። እኔ ግን ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳልነቅል «ምንም የለም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ቶሎ ልገላገል ብዬ ነገርኳቸው። አንዲት ሴት ናት፣ ድርቁ ከብቶቿን ጨረሰባት፣ ባሏ እንደወጣ ቀረ፣ ልጆቿን ይዛ መንገድ ዳር ተቀምጣለች...

«ዘመድ የላትም?»

«አላት። አይተው እንዳላዩ ያልፏታል።»

«ይሄን ነገር የሰማ ሽማግሌ የለም?»

መልስ ሳልሰጥ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ስኳራቸውን አንጠልጥለው ወጡ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ገጼ ስመለስ ሌላ ገበያተኛ ገባ።

ሳምንቱን አማቴ አሟት አንድ መስመር አላነበብኩም። በሚቀጥለው ገበያ ገና መጽሐፉን ሳወጣ ኦቦ ጉዮ መጡ... ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር። ሦስቱም በረንዳዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ለሴትዮዋ ላም ተወስኖላታል» አሉኝ። «ከነጥጃዋ። በማን እንላክላት?»

ቦረና ውስጥ ከብት ያለቀበትን ሰው ጎሳው ተሰብስቦ እያዋጣ እንደገና ያቋቁመዋል። ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ኦቦ ጉዮ ጉባኤ ላይ ተነስተው «የገዛ ዘመዶቿ ከተዋት እኛ አለንላት» ብለው ለእኔ ልብ ወለድ ሴት ላም አስወስነዋል!

ሳቄ መጣ። ፊታቸውን ሳየው ተመለሰ።

«ኦቦ ጉዮ... ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሴትዮዋ የለችም። ልብ ወለድ ነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው...»

«ተረት ነው?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«እንደሱ በሉት።»

«ተረት በቀን አይወራም፣ ከብት ያጠፋል። ደግሞ ለተረት የሚያለቅስ ትልቅ ሰው የለም። አንቺ ባልሞተ ከብት ነው ያለቀስሽው?»

እውነታቸውን ነው፣ ባልሞተ ከብት ነው ያለቀስኩት።

ሽማግሌው ተቆጥተው ወደ ኦቦ ጉዮ ዞሩ። ያኔ ደነገጥኩ። የውሸት ወሬ ይዞ ጉባኤ የቆመ ሰው ሁለተኛ ቢናገር የሚሰማው የለም። ኦቦ ጉዮ አንገታቸውን ደፍተዋል። የእኔ ጦስ ለሳቸው ሲተርፍ ሳይ አፈርኩ።

«እሳቸው አልዋሹም» አልኩ። «እዚህ የተጻፈውን ነው የነገሯችሁ። ስሙት።»

ካቆምኩበት ማንበብ ጀመርኩ። እያነበብኩ ወደ ኦሮምኛ እመልስላቸዋለሁ። ስኳር ፈልጎ በሩ ላይ የቆመውን ሁሉ የተቆጡት ሽማግሌ በዱላቸው «ቆይ!» ይሉታል። ወላሂ፣ ሱቅ ከከፈትኩ እንደዚያ ተመችቶኝ አንብቤ አላውቅም።

መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ መኪና በመጣ ቁጥር እጇን ታነሳለች። የሚቆምላት የለም። አለቀ።

«አለቀ ማለት?» አሉ ሽማግሌው።

«አለቀ። ቀጣይ የለውም።»

«ሰው አልደረሰላትም?»

«አልደረሰላትም።»

ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ። መጽሐፉን ተቀብለውኝ አገላበጡት። ጣታቸውን ከመጨረሻው መስመር ሥር አሳረፉ። ገጹ ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«ቦታ አለ» አሉ። «የተሰጠ ከብት ወደ በረት አይመለስም። ላም ተሰጣት ብለሽ ጻፊላት። ላሚቷን እኛ ለሌላ እንሰጣታለን፣ ከብት ያለቀባት ሴት እኛም ዘንድ አትጠፋም።»

ኦቦ ጉዮ ቀና አሉ።

እኔም በሰው መጽሐፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ... ሽማግሌዎች መጡ፣ የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ሰጧት። ኦቦ ጉዮ ደግመው አስነበቡኝ። «ከነጥጃዋ» የሚለው መኖሩን ሲያረጋግጡ ስኳራቸውን አንስተው ሄዱ።

መጽሐፉን ልመልስ ስሄድ ዕቃው ተጭኖ አልቋል፣ የመቶ አለቃው ሚስት ጋቢና ገብታለች። ተቀብላኝ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችው።

«ይህቺ ላም ደግሞ ከየት መጣች?»

«ከሊበን» አልኳት።