የማርቆስ መብራት በቦዮ ሐይቅ

ማርቆስ ሆሳዕና ውስጥ የታወቀ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። የተቃጠለ ገመድ በጠረኑ ያውቃል። ጀልባ ግን እንኳን ሊጠግን ተሳፍሮም አያውቅም። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ ሁሉ በየጓዳው በሚሸሸግበት ጊዜ፣ በቦዮ ሐይቅ ዳር ያለው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ተረፈ አስጠራው። ድሮ አዋላጅ ታሻግር የነበረች አሮጌ የእንጨት ጀልባ አለች፤ ሞተሯ ይነሳል፣ መብራቷ ግን ከሞተ ቆይቷል። «አብራልን» አለው፣ ይኸው ነው።

ማርቆስ ምጥ ለያዛት ሴት መስሎት ደስ ብሎት ሄደ። የራሱም ጉዳይ ነበረው። አንድ ልጁ ደስታ ከዘመቻ ሸሽቶ እዚያው ሐይቁ ማዶ፣ አክስቱ ዘነበች ቤት ተደብቋል። ዘነበች የማርቆስ ታናሽ እህት ናት፤ ይህን ግን ጓድ ተረፈ አያውቅም። ቢያውቅማ ምን መብራት ያስፈልገው ነበር!

ሥራውን በስህተት ጀመረ። በመኪና ልማድ ለየመብራቱ አንድ አንድ ገመድ ዘርግቶ ማብሪያውን ቢጫን፣ ወይ ፍንክች! መኪና ሲሆን የመመለሻውን ገመድ ሥራ የመኪናው ብረት ይሠራል፤ እንጨት ግን ኤሌክትሪክ የት ያውቅና። በራሱ ስቆ ሁለተኛ ገመድ መዘርጋት ያዘ።

ይሄኔ ነው ጓድ ተረፈ መጥቶ አጠገቡ የቆመው። «ቀን ስንሻገር ከሩቅ አይተውን ይበተናሉ። ማታ ደግሞ ያለ መብራት ጉቶውና ሸምበቆው አያሳልፈንም። ውሃውን ብቻ የምታሳይ ዝቅ ያለች መብራት ካለችን፣ ማዶ ያሉትን ኮብላዮች ከነራታቸው እንለቅማቸዋለን» አለ።

ማርቆስ ገመዱን መዘርጋቱን ቀጠለ። እምቢ ቢል አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰራል፤ ከዚያም ሌላ ሰው ያስጠግኑና ልጁን ያመጡታል። እሺ ቢል ደግሞ ልጁን በገዛ እጁ አስያዘ ማለት ነው። ሲያስብ ውሎ ግን አንድ ነገር መጣለት። ሥራውን አላበላሸውም፤ እንዲያውም ከታዘዘው በላይ አሳመረው።

ከተገለበጠ አይሱዙ የተፈታ ትልቅ መብራት አምጥቶ፣ ረጅም እንጨት አቁሞ፣ አናቱ ላይ አሰረው። ከጀልባዋ አሮጌ ማብሪያዎች ዝገት ያልበላውን አንዱን አጽድቶ የታችኛውንም መብራት የላዩንም በእሱ ላይ አገናኘ። አንዱ ያለ ሌላው አይበራም።

«ይኼ የላዩ ደግሞ ምን ይሠራል?» አለ ጓድ ተረፈ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጀልባ አናቷ ላይ ካልበራ ሌላ ጀልባ ይገጫታል።»

«ቦዮ ላይ ሌላ ጀልባ የት አለና?»

«ዛሬ የለም። አብዮቱ ሲያድግ ግን ይኖራል።»

አብዮቱ አያድግም አይል ነገር! ጓድ ተረፈ የማኅበሩን ጥበቃዎች ሊጠራ ሄደ።

አመሻሹ ላይ ጥበቃዎቹ ተሳፈሩ። ማርቆስንም «መብራቱ ቢጠፋ የሚያበራው ማን ነው?» ብለው አብረው ጫኑት። ማብሪያውን ሲጫን ሐይቁ ሠርግ ቤት መሰለ። ጓድ ተረፈ በሥራው ጥራት ተደስቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ማዶ ውሻ መጮህ ጀመረ።

ሲደርሱ በየቤቱ ሴት፣ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ነው ያለው። ዘነበች ቤትም ገቡ። እህትና ወንድም ዓይን ለዓይን ተያዩና እንደማይተዋወቁ ሆኑ። ምድጃው አጠገብ ግማሹ የተበላ ቆጮና ጎመን ተቀምጧል፤ የበላው ሰው የለም።

«ይኼ የማን ነው?» አለ ጓድ ተረፈ።

ዘነበች አልደነገጠችም። «የእንግዳ ነው። መብራቱን ሳይ እንግዳ መጣ ብዬ ነው ያቀረብኩት» አለች።

«ተነክቷልኮ!»

«ልጆቼ ቀመሱታ፤ ልጅ መቼ ይጠብቃል።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንቱ ባለመብራት፣ ሲለፉ የዋሉት እርስዎ ነዎት። ይቀመጡና ይብሉ እንጂ።»

ጓድ ተረፈ ዓይኑን ማርቆስ ላይ ተከለ። ማርቆስ ቁጭ ሲል፣ ልጁ ደስታ የተነሣበት በርጩማ ገና ይሞቃል። የልጁን ራት አንድም ጉርሻ ሳያስቀር በላ።