ግራሶ የጠገበው ክሪክ

ወሩ ኅዳር ነበር። ማሽላው ዘለላው ከብዶት አንገቱን የሚደፋበት፣ ጧት ጧት ከሐረር ቁልቁል ሲያዩት የኤረር ሸለቆ ጉም ለብሶ የሚተኛበት ወር። እናንተ ታናናሾቼ «አደን ሄደሽ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» እያላችሁ ስለምትነዘንዙኝ ይኸው አንዴ ጽፌው ልገላገል። ከአፌ ስትሰሙት ግማሹን ትረሳላችሁ፣ በግማሹ ላይ ደግሞ ትጨምሩበታላችሁ። ባለፈው ሳምንት ያደንነው ከርከሮ ዝሆን ሆኖ ነው ተመልሶ የደረሰኝ።

ሦስት ነበርን። አንደኛው አባዬ ነው፤ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሾፌር፣ መካኒኩም ራሱ። ረዳቱ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ትምህርት በሌለኝ ቀን ቁልፍ የማቀብለውም ቡሎን የማጠብቀውም እኔ ነኝ። ሁለተኛው አው ሙሜ ናቸው። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ በስፌት መኪናቸው ተጎንብሰው ሱሪ ሲሰፉ ታገኟቸዋላችሁ። ጨርቅ ሲቆርጡ የማይንቀጠቀጠው እጃቸው ምንሽር ሲይዝም አይንቀጠቀጥም። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

የሄድነው ለአንድ ከርከሮ ነው። ትልቅ ወንድ ነው፤ መንጋውን እየመራ የሸለቆውን ማሽላ እየረገጠ ጨረሰው፤ ሊያባርሩት የወጡትን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደግሞ ታፋቸውን በክራንቻው ሰንጥቋቸዋል። ገበሬዎቹ አመለከቱ፣ ፈቃድ ወጣ፣ ለአው ሙሜ አምስት ጥይት ተሰጣቸው። ሥጋውን እንደሆነ ክርስቲያኑም እስላሙም አይቀምሰውም። የምንሄደው ለማሽላው ነበር።

አሁን ስለ ክሪኩ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የሚመጣው አይገባችሁም። የእኛ ላንድሮቨር ክሪክ እንደ ታክሲዎቹ ድንክ ክሪክ አይደለም። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ከላይ እስከ ታች እንደ መሰላል ቀዳዳ የተደረደረበት ብረት ነው። በብረቱ ላይ የሚወጣ ጭንቅላት አለው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ጣት የሚያህሉ ሁለት ፒኖች አሉ። እጀታውን ወደ ታች ስትጫኑት አንዱ ፒን ቀዳዳ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይገባል፤ ወደ ላይ ስትመልሱት ሌላኛው ቀጭ ይላል። እንዲህ እያለ መኪናውን ተሸክሞ ቀዳዳ በቀዳዳ ይወጣል። ከጭቃና ከአሸዋ የሚያወጣን እሱ ነው። ግን ቋሚ ቦታ አልነበረውም። ከኋላ ተጋድሞ፣ መንገዱ በነቀነቀን ቁጥር እየተንከባለለ የሰው ቁርጭምጭሚት ይመታ ነበር።

ከአደኑ በፊት በነበረው ቅዳሜ አባዬ «ማሰሪያ አብጂለት» ብሎ ሥራውን ለእኔ ተወልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከፊት፣ ፓራውልቱ ላይ አሰርኩት። ለምን ከፊት? እውነቱን ለመናገር ከአቦከር እስከ ሸዋ በር ያለ ሰው ሁሉ እንዲያየው ብዬ ነው። ሁለት የብረት ማቀፊያ አስበየድኩ፤ እንዳይንኳኳ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቆርጬ ከሥሩ አነጠፍኩ፤ በቡሎንና በሮንዴላ፣ በእያንዳንዱም ላይ ሁለት ሁለት ዳዶ አድርጌ ጠረቅኩት። ማሰሪያው እስከ ዛሬ አልላላም፤ በሱ አላፍርም። ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። የጎማ ኩሽኔታ በግራሶ ሲሞላ ስላየሁ፣ ብረት ሁሉ እንደዚያ ግራሶ የሚፈልግ መሰለኝ። በእፍኜ እየዛቅኩ ጭንቅላቱንም ፒኖቹንም ቀዳዳዎቹንም ለሰርግ እንደሚዘጋጅ ሰው ቀባኋቸው።

የአደኑ ዕለት ጎሕ ሲቀድ አባዬ ሞተሩን እያሞቀ «ክሪኩ ደህና ነው?» አለኝ። እንደ መስታወት ነው አልኩት። ወርዶ ሊያየው ሲል አው ሙሜ ፀሐይ ሳትሞቅ እንድረስ ብለው ቸኮሉ፤ ሳያየው ነዳ። የቁልቁለቱን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ማሽላው ዳር ስንደርስ መኪናውን ጥለን በእግር ገባን። አው ሙሜ ከኪሳቸው የልብስ መቁረጫ ጠመኔያቸውን አውጥተው በጥፍራቸው ፍቀው ዱቄቱን በተኑት። ወደ እኛ ነፈሰ። ነፋሱ ሽታችንን ወደ ከርከሮው አይወስድም ማለት ነው። ከዚያ ዱካውን አሳዩኝ፤ ስንጥቅ ሰኮና፣ ከእጄ መዳፍ የማይተናነስ። ትንሽ አለፍ ብሎ አፈሩ ላይ ሁለት የተላጉ ጉድጓዶች ነበሩ። ከርከሮ ሥር ሲቆፍር የፊት እግሮቹን አጥፎ እንደሚንበረከክ ያን ቀን አወቅኩ።

ከርከሮውን ማሽላው መሃል አገኘነው። ዝርዝሩን ልተወው፤ አው ሙሜ ሁለት ጊዜ ተኮሱ፤ አንደኛው ትከሻውን አገኘው፣ ሁለተኛው ሳተ። ከርከሮው እየደማ የደረቀውን ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ሦስት ጥይት ቀረ። አባዬ ለዛሬ ይብቃን፣ ነገ እንመለስ ቢል አው ሙሜ እምቢ አሉ። ነገ ጧት የመንደሩ ልጆች ውሃ ፍለጋ እዚህ ወንዝ ይወርዳሉ፤ የቆሰለ አውሬ ትቼላቸው አልሄድም አሉ። አባዬም መኪናውን አምጥቶ ወንዙን ሊሻገር ገባ።

አሸዋው ከላይ ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ግን እርጥብ ነበር። መሃል ስንደርስ የኋላ ጎማዎቹ እስከ ወገባቸው ሰመጡ። ቁጥቋጦው ከእኛ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አው ሙሜ ምንሽራቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ቆሙ። አባዬ ክሪኩን ፈቶ፣ አሸዋው እንዳይውጠው ከሥሩ ጣውላ አድርጎ የመኪናውን ኋላ አነሣ። ከዚያ አንድ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ጎማው ሥር ድንጋይ መደርደር ጀመረ። ፒኑ ግን ግማሹን ብቻ ነበር የገባው። ክሪኩ ሸርተት አለ፤ መኪናው ወረደ፤ የአባዬ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ባሌስትራው ሥር አሸዋው ውስጥ ተቀበረ።

አልጮኸም። ፊቱ ግን አመድ መሰለ። አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ አልተሰበርኩም፣ ግን ሲጫነኝ ይታወቀኛል አለ። አው ሙሜ ዞር ሲሉ «እርስዎ ቁጥቋጦውን ይጠብቁልን» አላቸው። እኔ ክሪኩን አንሥቼ እንደገና አቆምኩትና እጀታውን ተጫንኩት። ጭንቅላቱ ንቅንቅ አላለም። ፒኖቹን ባያቸው የሉም፤ የቀባሁት ግራሶ የመንገዱን አቧራና የወንዙን አሸዋ ጠጥቶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል።

«ሰናይት፣ ምን ቀባሽው?» አለኝ አባዬ ካለበት።

«ግራሶ።»

«ስንት?»

«ብዙ።»

ዓይኑን ጨፈነ። አሁን ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «እሺ፣ ናፍታ አምጪ» አለኝ። ከጀሪካኑ ቀዳሁ፤ በኩፖን የተገኘውን ናፍታ ጭንቅላቱ ላይ አፈሰስኩት። በካቻቢቴ ሊጡን ፈለፈልኩ፣ ነጠላዬን ቀድጄ ወለወልኩ፣ ፒኖቹን በመዶሻ ቀስ ቀስ እያደረግኩ መታሁ። አባዬ ከሥር ሆኖ እያንዳንዱን ይነግረኛል፤ የላዩን ቀድመሽ፣ አትቸኩዪ፣ አሁን ድገሚና አፍስሺ። በስተመጨረሻ የላዩ ፒን ቀጭ አለ። የታችኛውም ተከተለው። እንደዚያ የሚያምር ድምፅ በሕይወቴ አልሰማሁም።

ጣውላውን አስተካክዬ መጫን ጀመርኩ። ኪሎዬ አይበቃም፤ ሆዴን እጀታው ላይ አስተኝቼ ተንጠለጠልኩበት። አንድ ቀዳዳ ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛው ላይ እጀታው ግማሽ መንገድ እንደወረደ ከኋላዬ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። የመዶሻዬ ድምፅ ሳይቀሰቅሰው አልቀረም።

ይህን አስተውሉ። መኪናው ያረፈበት ክሪክ እጀታው ግማሽ ላይ እያለ ከለቀቃችሁት ተፈናጥሮ አገጭ ይሰብራል፤ ያነሣችሁትም መኪና ተመልሶ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው አባዬ ነው። መሮጥ አልችልም፤ ዞሬ ማየትም አልችልም። የሰኮናው ድምፅ አሸዋው ላይ ድፍ ድፍ እያለ ሲመጣ ይሰማኛል፤ ትንፋሹ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ዞር አትበይ» አሉ አው ሙሜ፣ ሱሪ ለሚለካ ሰው እንደሚናገሩት ባለ ድምፅ። «ያ የኔ ሥራ ነው። አንቺ የያዝሽውን ጨርሺ።»

ተጫንኩት። ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን ፒኑ ላይ ተክዬ ተጫንኩት። አው ሙሜ ለምን እንደማይተኩሱ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ ሲነግሩን ለካ ከሩቅ አንዴ ስለሳቱ አውሬው እስኪቀርብ እየጠበቁ ነበር። ቀስ ብለው «ቢስሚላሂ» ሲሉ ሰማሁ። ፒኑ ቀጭ ሲልና ምንሽሩ ሲጮኽ እኩል ሆነ። አባዬ እግሩን ሳበ፤ እየዳኸ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው እጀታውን ወደ ላይ መልሼ፣ ሁለተኛው ፒን መግባቱን አይቼ፣ እጄን ያነሣሁት።

ስዞር ከርከሮው ከእኔ አራት እርምጃ ላይ በጎኑ ወድቋል። ክራንቻው እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ጭራው ላይ ያለችው ጉትያ ነፋሱ ሲነካት ትወዛወዛለች። አው ሙሜ አልሐምዱሊላህ ብለው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ እሳቸውም እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

አባዬ ሦስት ሳምንት አነከሰ። በማግስቱ ክሪኩን ከፓራውልቱ አንሥቼ በናፍታ አጠብኩት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት። ፒኖቹን በቀጭን ዘይት ነካ አድርጌ፣ ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ መልሼ ወለወልኩት። ማሰሪያውን ከመቀመጫው ኋላ ተከልኩት፤ አቧራ እንዳያገኘው ሸራ አለበስኩት። ማንም ባያየውም ግድ የለኝም። አሁን መኪናው በወጣ ቁጥር፣ ማንም ቢቸኩል፣ ሁለቱንም ፒኖች ሠርቼ ሳልሰማቸው ማሰሪያውን አልቆልፍም። አው ሙሜም ቢሆኑ ቆመው ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች ሊጠይቁት ቤታችን ሲመጡ አባዬ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ ነገራቸው፤ ሾፌር ክሪኩን ሳያይ አይወጣም፣ እኔ ሳላይ ወጣሁ አለ። ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ወጣሁና ግራሶውን የቀባሁት እኔ ነኝ አልኩ፤ ከፊት ያሰርኩትም ለታይታ ነው አልኩ። ሾፌሮቹ ሳቁ። አባዬ እኔ ነኝ አለ፤ እኔ ደግሞ የለም እኔ ነኝ አልኩ፤ እንዲህ ጥፋቱን ስንሻማ ቆየን።

በመጨረሻ እግሩን በርጩማው ላይ አስተካክሎ «በይ እንካፈለው» አለኝ። «ግራሶው ያንቺ፣ ሳያዩ መውጣቱ የኔ። እጀታውን አለመልቀቁ ግን ያንቺ ብቻ ነው።»