«ተቀበል» በጋቦዴ ግቢ

ሎሚ አንድ ነገር ካላጣራች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። በሰው አገር፣ ጋቦዴ በሚባል ሰፈር፣ በማዳም ጀዋሪያ ቤት እያደረች መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የማዳም ልጅ ነቢል ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር፤ አማርኛውንም የለቀመው ከእሷ ነው። አሁን ታዲያ ራፐር ሆኖ አረፈው፤ ፈረንሳይኛና ሶማልኛ እየቀላቀለ ግቢውን ያናውጠዋል።

«ማን በድሎህ ነው እንዲህ የምትቆጣው?» አለችው አንድ ቀን፣ ልብስ እያሰጣች።

«ሥራ የለም፣ መብራት ይጠፋል፣ የሚሰማን የለም። በሆድ የያዙትን ፊት ለፊት መናገር ነው ሂፕ ሆፕ።»

«በግጥም?»

«በግጥም።»

ይቺ ነገር ከነከነቻት። በአገሯ አዝማሪ ሲጫወት፣ በሆዱ ነገር ያለው ሁሉ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ማንንም ይንካ ማንን፣ ተቀብሎ ያዜማል። ይሄስ ያው አይደል?

እሷም በሆዷ ነገር አላት። እህቷ ትግስት እዚያው ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ከወለደች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። መንገዱ በሚኒባስ ቅርብ ነበር፤ ግን የዕረፍት ቀኗ አርብ በመጣ ቁጥር ማዳም እንግዳ ይጠራሉ። የእህቷን ልጅ እስካሁን በዓይኗ አለማየቷ ያንገበግባታል።

ሐሙስ ከሰዓት ነቢል ለእናቱና ለጎረቤቶች ሲጫወት ሎሚ ሻይ ታዞር ነበር። ትንፋሽ ሊወስድ ቆም ሲል ትሪዋን አስቀመጠችና በአማርኛ፦

«ተቀበል!
ስድስቱን ቀን ሰጠሁ ለልጅሽ ለቤትሽ፣
አርቡን ለኔ ተይው፣ አይጎድልም ሀብትሽ።»

በግጥም አንቱታ የለም መቼም። ነቢል ገብቶታል። መንግሥትን ያልፈራው አፉ እናቱን ሲያይ ተለጎመ። ሎሚ ጠበቀችው፤ ግጥም ተሰጥቶት የሚያፍር አዝማሪ አይታ አታውቅም።

«ምን አለች?» አሉ ጀዋሪያ።

ነቢል ማይኩን ዝቅ አደረገ። ሎሚ ራሷ በሶማልኛ ነገረቻቸው።

«በሰው ፊት ከምትገጥሚው ለብቻዬ አትነግሪኝም ነበር?»

«ስንቴ ነገርኩዎት፣ ማዳም። ‹ምን አለች› ሲሉ ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

አንዷን ጎረቤት ሻዩ ትን አላት። ጀዋሪያ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «በቃ፣ ነገ ሂጂ» አሉ።

አርብ ጠዋት ሎሚ ለባብሳ ስትወጣ፣ ነቢል እስከ ክንዱ አረፋ ውስጥ ተነክሮ ሰሃን ያጥባል። እናቱ ናቸው የመደቡት፤ እንግዶቹ አልቀሩማ።

«ሎሚዬ፣ ያቺን ግጥም ድገሚልኝ» አላት። «አሁን እቀበላታለሁ።»

የተከመሩትን ድስቶች አየት አደረገች።

«እስከ ማታ እጠብ፣ ግጥሟ ራሷ ትመጣልሃለች» አለችውና ወጣች።