የሻለቃው ፍጹም ቅጣት ምት

በጦርነቱ ጊዜ መካነ ሰላም ያለው ትምህርት ቤታችን ካምፕ ሆነ። ዴስኮቹ ለማገዶ ሄዱ፤ እኛ አስተማሪዎችም ቤታችን ተቀመጥን። እኔ ግን የስፖርት አስተማሪ ነኝና ለፋሲካ ተፈለግሁ። የካምፑ አዛዥ ሻለቃው አስጠርቶኝ፣ "ለሠራዊቱ መዝናኛ አዘጋጅተናል፤ ኳሱን አንተ ታጫውታለህ። ሜዳ ላይ አዛዡ አንተ ነህ" አለኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል አምኜው ነበር።

ጨዋታው በአዛዦችና በተራ ወታደሮች መካከል ነው። አሸናፊው የከተማው ነጋዴዎች "በፈቃዳቸው" ያመጧቸውን ሁለት ሙክቶች ይወስዳል። ሻለቃው አሥር ቁጥር ለብሶ ከፊት ተሰለፈ፤ ቦርጩ ከማልያው ቀድሞ ወጥቷል። ኳስ ሲይዝ ተከላካዮቹ መንገድ ይለቁለታል፤ አንዱማ ወታደራዊ ሰላምታ ሊሰጠው ምንም አልቀረው። ነገሩ ያልገባው የወታደሮቹ ግብ ጠባቂ ብቻ ነበር፤ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ከመዝመቱ በፊት ሸማኔ የነበረ እጀ ረጅም አስር አለቃ።

ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል ሻለቃው ከግቡ ፊት በገዛ እግሩ ተጠላልፎ ወደቀ። አጠገቡ ሰው አልነበረም። እንደወደቀ ቀና ብሎ አየኝ። ፊሽካዬን ነፋሁ።

ግብ ጠባቂው የመጀመሪያውን ምት ያዘው። "ተንቀሳቅሷል!" አለ ሻለቃው። እውነት ነው፤ ኳስ የሚያዘው በመንቀሳቀስ ነው። አስደገምኩ። ሁለተኛውንም ያዘው። አሁን ሰበብ የፈለግሁት እኔው ነኝ፤ "ሳልነፋ ነው የተመታው" አልኩ። አንድ መቶ አለቃ ወደ ግቡ ጠጋ ብሎ፣ "አንተ ሰው፣ ዛሬ በዓል ነው፤ አታስቀይማቸው" ሲለው ሰማሁ። ሦስተኛውን በእግሩ መልሶ ወደ ውጭ አወጣው።

አራተኛ ላዝዝ እጄን ሳነሣ ሜዳውን የከበበው ወታደር በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሻለቃው፣ "መሽቷል፤ ይብቃ" አለ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አቻ ከሆነ ሽልማቱ የአዛዦች እንዲሆን ተወሰነ። ውሳኔውን በድምፅ ማጉያ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ሥጋው ሲበላ ግብ ጠባቂው የለም። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ፣ በፋሲካ ቀን ከከተማው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ጥበቃ ተመድቧል። የደረሰኝን ጥብስ በፌስታል ቋጥሬ ወጣሁ። ጀግንነት አይደለም፤ አልወርድ ብሎኝ ነው።

"እንኳን አደረሰዎ መምህር" ብሎ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይበላ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ፣ "እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ከሦስቱ ፔናሊቲ የነበረው የቱ ነው?" አለኝ።

"ወላሂ አንዱም!" አልኩት እንዳገራችን ልማድ፤ ማተቤ አንገቴ ላይ እንደታሰረ።

አልሳቀም። "ደግ ነው፤ ሕጉንስ ያውቁታል" አለና ወደ ፌስታሉ ተመለሰ።

በሳምንቱ ጦሩ ሲነሣ ሻለቃው ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ላከልኝ፤ "ለፍትሐዊ ዳኝነትዎ" ይላል። ባለቤቴ በመስታወት አድርጋ ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ ቆሞ ሲያነበው እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ግብ ጠባቂው ወዴት እንደተላከ የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሚያውቅ አልነበረም።