እናኑ ስሜን የጠራች ዕለት

«ልጄ ሰው ላይ አትተፋም! አልኩሽ እኮ! እኔም አልተፋ፣ እሷም አትተፋ!»

እናቴ ይህን ስትል እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበር፤ ግማሹ የደረሰ ጀበና ጉልበቶቿ መካከል ይዛለች። በራፉ ላይ የቆመችው የጓደኛዬ የእናኑ እናት ናት። የሰኔ ዝናብ ከነጠላዋ ላይ እየተንጠባጠበ እንኳ ደፉን አልፋ አልገባችም።

«ምነው ወርቄ? ልጄ እየሞተችብኝ ነው እኮ! የቡዳ ጭስ አጢሰንባት ስትለፈልፍ የጠራችው ያልጋን ነው። ያልጋ፣ ያልጋ ነው የምትል። ሌላ ስም ከየት ላምጣ?»

«ብትጠራትስ? አብረው ነው የሚቀመጡ። ጓደኛዋን ነው የጠራች!»

«እንግዲያው ምን አስፈራሽ? እንትፍ ትበልባትና ትመለስ።»

«ልጅሽ ከዳነች 'ይኸው፣ የበላቻት እሷ ነበረች' ልትሉ ነው። ካልዳነች ደግሞ ቤቴን ልታቃጥሉ። የትኛውን ልምረጥልሽ፣ እቴ?»

ያልጋ እኔ ነኝ። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ።

ሰፈራችን ከጎንደር ከተማ ዳር፣ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ «ማዶ ሰፈር» ይባላል። እኛ ራሳችንን ቤተ እስራኤል እንላለን፤ ከተማው ግን የሚጠራን በሌላ ስም ነበር። ወንዶቻችን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቻችን ሸክላ ይሠራሉ። በእኛ ድስት ወጡን ሠርቶ የሚበላው ሰው እኛን «ቡዳ» ይለናል። ዓይናችን ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ እንሆናለን ይላል። በሰፈራችን የሚያልፍ ሁሉ የታቀፈውን ሕፃን ፊት ይሸፍናል። እኔም አንዳንዴ ጋኑ ላይ አጎንብሼ ዓይኔን ውሃው ውስጥ አየው ነበር፤ ምኑ እንደሚበላ ለማወቅ። አባቴ ጅብ ሲሆን ላየው እንቅልፌን ተዋግቼ ጠብቄውም አውቃለሁ። አንኮራፋ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ልብሴ ርጥብ ጭቃና ሸክላ የተተኮሰበት የእበት ጭስ ስለሚሸት ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዙብኛል። እናኑ ብቻ ቀሚሴን አሽትታ «ዝናብ ዝናብ ትያለሽ» አለችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያየንም። እናቴ ከጭቃ አድቦልቡላ በተኮሰችልን ጠጠር ቅልልቦሽ እንጫወታለን። እሷ ዳቦዋን ስትቆርስልኝ አልበላላትም፤ የክርስቲያን ቤት እህል ለእኛ አይፈቀድም፣ ከእነሱ ዘንድ ስመለስም እናቴ ወንዝ አውርዳ ታጥበኛለች። እናኑ ይህን ስነግራት ሳቀችና ሁለቱንም ቁራሽ ራሷ በላችው።

የእናኑ አባት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ግንቦት ላይ አዳራሽ ሰብስቦን ጡጫውን ወደ ላይ እያነሣ፣ ከእንግዲህ የማዶ ሰፈርን ሕዝብ ቡዳ የሚል አድኃሪ ነው፣ አብዮቱ ሁሉንም እኩል አድርጓል ብሎ ነበር። አባቴ መዳፉ እስኪቀላ ድረስ አጨበጨበ። ያን ዕለት ግን ሊቀመንበሩ ከአጥራችን ውጭ ጀርባውን ሰጥቶን ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር። ሚስቱ «አንተ ንገራቸው እንጂ!» ብላ ስትጮህበት እንኳ አልዞረም።

እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የማውቀው እናኑ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አለመምጣቷን ብቻ ነው። ጠጠሮቹን በእጄ ጨብጬ ተነሣሁና «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

እናቴ ዞራ አየችኝ። ጀበናው ጉልበቶቿ መካከል ተጨፈለቀ።

እነእናኑ ቤት የተቃጠለ ጨርቅና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሴቶቹ ሲያዩኝ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። እናኑ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «የት ነበርሽ?» አለች። ቀጥላም በደከመ ድምፅ «ጠጠሩን አመጣሽው?»

«አወቀቻት! አወቀቻት!» እያሉ ሴቶቹ ጮኹ። እጄን ልዘረጋላት ስል እናቷ ክንዴን ያዘችኝ። «አትንኪያት! እንትፍ ብቻ በይባት።»

አፌ በፍርሃት ደርቆ ምራቅ አጣሁ። ቡዳ ያሏት ልጅ የምትተፋው አጥታ ሁሉም ቆመው ይጠብቋታል። እንደምንም ለቃቅሜ ግንባሯ ላይ ተፋሁ። እናኑ በመዳፏ ጠረገችውና ዓይን ዓይኔን እያየች ሳቀች። ጨዋታ መስሏት ነበር።

እናኑ ዳነች። አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሆስፒታል ድሬሰር መርፌ ወግቷት እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ያን ያነሣ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ አስተማሪውን ለምና ፊት ወንበር አስቀመጠቻት። መጀመሪያ ሰሞን ዞር እያለች ታየኝ ነበር፤ ቆይታ ተወችው። እኔም የማወራው ሰው ሳጣ፣ በዚያ ባዶ ዴስክ ላይ ግጥም መሞነጫጨር ጀመርኩ።

ይኸው አድገናል። ማዶ ሰፈር መብራት ገብቶለታል፣ መግቢያው ላይም የቀበሌው ቁጥር ተጽፏል። እናኑ የሆስፒታል ነርስ ሆናለች። በቀደም ሐሙስ ገበያ ላይ ሕፃን አዝላ ሳገኛት፣ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ወሬ ሁሉ ጠፋኝና «ሲያምር!» አልኩ። ያልኩት ይህችኑ ነው።

ሰንበታችንን ቅዳሜን አሳልፋ እሑድ ከሰዓት በራፋችን ላይ ቆመች። ነጭ ጋዋኗን በነጠላ ሸፍና፣ ልጇን ታቅፋ።

«ያልጋ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች። «መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ፤ ትኩሳቱ እንቢ አለኝ። ሐሙስ… አይተሽው ነበር።»

አስታወሰችኝ ብዬ የተደሰትኩበት ሐሙስ ነው።

«እናኑ፣ ያኔ ስሜን የጠራሽው ምን ፈልገሽ ነበር?»

ልጇን እቅፏ ውስጥ አስተካከለች። «እኔ አላስታውሰውም» አለች። «እናቴ ናት የነገረችኝ። አንቺ ባትተፊብኝ እሞት ነበር አለችኝ።»

ጥጉ ላይ ጭቃ የምታሸው እናቴ እጇን ገታች።

የልጁ ግንባር ከሩቁ ይግላል። ልዳስሰው እጄን ሳነሣ እናኑ አንድ እርምጃ ሸሸች። አፌ እንደ ልጅነቴ ደረቀ። ለቃቅሜ ተፋሁበት። ልጁ ዓይን ዓይኔን እያየ እንደ እናቱ ሊስቅ ሲል፣ እናኑ ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«እግዜር ይስጥሽ» ብላ ወጣች።

እናቴ ተነሥታ በጭቃ እጇ በሩን ገፋችው። ተዘጋ።